ቅኔ ቤትና የእንግሊዝኛ ክፍል

መርጡለ ማርያም ለባዕድ ቋንቋ እንግዳ አገር አይደለችም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ሐረግና አበባ የተቀረጸበትን ጥርብ ድንጋይ እንደ ያዘ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በዚያው ስፍራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም ፍራሹን አይቶ፣ መግለጫውን በ1847 በቋንቋው አሳትሟል።

ዛሬ በዚሁ ከተማና በዙሪያው ባሉ ገጠሮች ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ 8ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ስሙንና የመንደሩን ስም ከተናገረ በኋላ ዝም የሚልበት ጊዜ ይበዛል። እኔም በጎጃም ደጋ እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ያው ልጅ የግሥ ሠንጠረዥ ጻፍ ቢሉት አሟልቶ ይጽፋል። ትናንት ማታ እራት ምን በላህ ቢሉት ግን ጣራ ጣራውን ያያል። ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ። ፊዚክሱም ታሪኩም ከ9ኛ ክፍል በኋላ የሚመጣበት በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አልልም፤ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ያልሰማ ልጅ ግን መልሱን ቢያውቅስ ምን ይጠቅመዋል?

ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ሌላ የቋንቋ ትምህርት ቤት ኖሯል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ራቅ ሲሉም ዋሸራና ጎንጅ ለአብነት ተማሪ የታላላቅ ጉባኤ ቤቶች ስሞች ናቸው። ቅኔ ቤትን ሁላችንም የምናነሣው ስለ ሰምና ወርቁ ነው። እኔ የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ቅኔ ቤት ማንም በእናቱ ጭን ላይ ያልሰማውን ቋንቋ ማስተማሪያ ነው። ግእዝ የቤት ቋንቋ መሆኑ የቀረው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ይሁንና የገበሬው ልጅ ያለ ካሴት፣ ያለ ፕላዝማ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ያለ መጽሐፍ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያላለውን ነገር በግእዝ ለማለት ይበቃል።

እንዴት? መምህሩ በጉባኤው ፊት ራሱ ቅኔ ይዘርፋል። ከዚያ ሰሙ ይህ፣ ወርቁ ያ፣ አገባቡ እንዲህ እያለ ይፈታዋል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣና ለብቻው ይቆጥራል፤ ቅኔ ቆጠራ የሚሉት ይህንን ነው። ጀማሪው የሚጠየቀው 2 ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ነው። እርሷ ስትቀናለት ወደ ባለ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ረጅሙ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ይዞ ተመልሶ ይነግራል፤ የሳተው ይታረምለታል፤ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። ልብ በሉ፤ ግሱንና አገባቡን ጨርሰህ እስክታውቅ ድረስ አፍህን አትክፈት አይባልም። ሁለት ቤት ለመሥራት የሚበቃውን ያህል እንደ ያዘ ሁለት ቤት ይሠራል።

ብዙ ተማሪ ያለው መምህርም የሁሉንም ቅኔ ብቻውን አይሰማም። የበሰሉት አስነጋሪ ሆነው የጀማሪዎቹን ይሰማሉ፣ ያቃናሉ፤ የከበዳቸውን ወደ መምህሩ ያደርሳሉ። የዕድሜ ክፍል የለም። ጢም ያበቀለውና ገና ድምፁ ያልጎረነነው አብረው ጉባኤ ቃና ይቆጥራሉ።

የእንግሊዝኛው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይነቱን ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አገር ገቡ፤ ደብረ ማርቆስም የደረሱ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል የሚጀመር ትምህርት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፕላዝማው መጣ፤ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ፣ የሚናገረውም ለተማሪው ፍጥነት ሳይራራ። በእኔ ግምት ፕላዝማው ያደረሰው ትልቁ ጉዳት መምህሩን በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች ማድረጉ ነው። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው በመስኮቱ ሲያልቅ፣ ለመምህሩ የቀረው ማብራትና ማጥፋት ነበር። ቅኔ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የመምህሩ ነው።

እንግዲህ ከኮሌጅ ወጥቶ 60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል የተሰጠው አዲስ መምህር ከዚህ ምን ይውሰድ? ደንቡ ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው ይላል፤ ደንቡን ግን በየክፍሉ በር ላይ ቆሞ የሚያስከብረው የለም። እኔ ብሆን ጉባኤ ቃናን አስቀድማለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ይሥሩ፤ «ማይ ካው ኢዝ ብላክ፤ ሄር ሚልክ ኢዝ ዋይት» እንደ ማለት። ላም የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። በዚህች ሁለት መስመር ውስጥ ባለቤትነት አለ፣ መሆን አለ፣ ተቃራኒ ቅጽል አለ፤ የመጽሐፉ 3 ምዕራፍ ነው። ከዚያ ላሚቱን በበግ፣ ወተቱን በጸጉር ይለውጡ።

ግስ ማውረዱም አይቅር። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እየተባለ በዜማ፣ አንዱ ረድፍ ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል፣ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የጧት ብርድ ያደነዘዘው ክፍል በዚህ ይነቃል። ቆጠራውም ይኑር፤ 10 ደቂቃ ማንም ለማንም ሳይናገር ሁለት መስመሩን የሚያስብበት ጊዜ፣ ቢቻል ከደጅ በዛፉ ሥር። ሥርዓት ማስከበር ይሉታል የኮሌጅ መጻሕፍት፤ የሚሠራው ነገር በእጁ ያለ ልጅ ለመረበሽ ጊዜ አያገኝም። ቀጥሎ 10 አስነጋሪዎች ለየስድስት ልጅ ይመደቡ። በየሁለት ሳምንቱ ይለዋወጡ እንጂ ጎበዞቹ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አይሹሙ። ያን ጊዜ ክፍሉ ይንጫጫል። ርእሰ መምህሩም በበሩ ብቅ ይሉ ይሆናል። ጫጫታው በእንግሊዝኛ ከሆነ ይግቡና ይስሙ።

የደረጃ መደበላለቁ ደግሞ ዛሬ ተራ ችግር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ተዘግተዋል። ተመልሶ የሚቀመጠው ልጅ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ የ3ኛ ክፍል እውቀት ያለው፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ቤት ውስጥ ታላቅ እኅቱ ስታስተምረው የቆየች ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጉባኤ አስነጋሪ ያስፈልገዋል።

ከቅኔ ቤቱ የማይወሰድም አለ። አለንጋው ይቅር። ተማሪን በጉባኤ ፊት የሚያሳፍረው የሰላ ፌዝም ይቅር፤ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ በፈቃዱ የመጣ ጎረምሳ ይችለው ይሆናል፤ የ10 ዓመቷ ልጅ ግን ዳግመኛ እጇን አታወጣም። ቅኔ ቤቱ የወንዶች ሆኖ መኖሩም ሊወረስ አይገባም፤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ማስተማራቸውን ለሴት ልጆቻችን መንገር የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። ደግሞም ቅኔ ጭውውት አይደለም። በግእዝ የገበያ ዋጋ የሚጠይቅ የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን መጠየቅም መመለስም ግድ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመሩ ሲያልቅ ጎረቤቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ «ዌር ኢዝ ዩር ካው?»

መንገዱ የተሄደበት ለመሆኑ ምስክር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች ወጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ኋላም በዋሽንግተንና በለንደን ኢትዮጵያን ወክለዋል። አቤ ጉበኛ የጎጃም የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 «ዲፋያንስ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው በቀጥታ በእንግሊዝኛ ነው።

አዲሱን መምህር የሚያስፈራው ብዙ ጊዜ የተማሪው ብዛት ሳይሆን የገዛ እንግሊዝኛው ነው፤ በመጽሐፉ ጀርባ የሚደበቀውም ለዚህ ነው። የቅኔው መምህር ግን በየዕለቱ አስቀድሞ የራሱን ይዘርፋል። የእንግሊዝኛውም መምህር ማታ በፋኖስም በአምፖልም አጠገብ ተቀምጦ ለነገ ሁለት መስመር ይቁጠር፤ ስለ ራሱ በሬ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ትናንቱ በረዶ። ጧት ስም ከመጥራቱ በፊት እርሷን ይናገር።