ዜና ዊልያም ፍሩድ፣ የመርከብንና የውሃን ነገር የመረመረ

በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት ዊልያም ፍሩድ የሚባል መሐንዲስ ነበረ። የተወለደው በዴቨን አውራጃ በዳርቲንግተን በ1810 ነው፤ በዚህ ዜና የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አስቀድሞ ከታላቁ መሐንዲስ ከብሩኔል ጋር የባቡር ሐዲድ ሠራ፤ ኋላም ብሩኔል የመርከብን መናወጥ እንዲመረምር ጠየቀው፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ ወደ ባሕር አዘነበለ።

በዚያ ዘመን መርከብ ሠሪዎች ሁሉ አንድ ጭንቅ ነበረባቸው። መርከቡ ባሕር እስኪገባ ድረስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበቃው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ትንሽ ምሳሌ ሠርቶ በውሃ መጎተትንም ብዙ ሊቃውንት ናቁት፤ የትንሹ ነገር ለትልቁ አይሆንም አሉ። ፍሩድ ግን ይሆናል ብሎ ጸና።

ብልሃቱም ይህ ነው፤ የውሃውን ተቃውሞ ለሁለት ከፈለው። አንዱ መርከቡ ማዕበል ሲያነሣ የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ውሃው የመርከቡን ገላ እየታከከ ሲያልፍ የሚይዝበት ሰበቃ ነው። ማዕበሉ ለምሳሌው ይታዘዛል፤ 16 ጊዜ የሚያንስ ምሳሌ በመርከቡ ፍጥነት ሩብ ቢሄድ ያንኑ የማዕበል መልክ ያነሣል። ሰበቃው ግን በዚህ ሕግ አይገዛም። ስለዚህ ፍሩድ ለብቻው ለካው፤ ከአጭር ጀምሮ እስከ 50 ጫማ የሚረዝሙ ሳንቃዎችን አንዱን በቫርኒሽ ቀብቶ፣ አንዱን ጨርቅ አልብሶ፣ አንዱን አሸዋ ለጥፎበት በውሃ ውስጥ ጎተተ። የሳንቃው ፊተኛ ክፍል ውሃውን ይዞት ይሄዳልና፣ ኋለኛው ክፍል የሚያገኘው አስቀድሞ የተንቀሳቀሰ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሳንቃው በረዘመ ቁጥር በአንድ ጫማ ካሬ የሚደርሰው ሰበቃ ይቀንሳል። ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል እላለሁ።

በ1870 የባሕር ኃይል ሹማምንት 2,000 ፓውንድ ፈቀዱለት፤ እርሱም ለድካሙ ደመወዝ አልወሰደም። በቶርኪ ከቤቱ አጠገብ 278 ጫማ የሚረዝም ገንዳ አሠራ፤ ምሳሌዎቹንም በፓራፊን ሰም ቀረጸ፤ ሰም እንደ ገና ቀልጦ ለሌላ መርከብ ይሆናልና። በ1871 ግሬይሀውንድ የተባለውን የጦር መርከብ አክቲቭ በተባለው መርከብ አስጎተተ። የጎታቹ መርከብ ውሃ እንዳያውከው ገመዱን ከጎን በወጣ 45 ጫማ ግንድ ላይ አሰረ። የትልቁ መርከብ ልኬት ከምሳሌው ስሌት ጋር ሲተያይ ተስማማ፤ ተቃዋሚዎቹም መልስ አጡ።

በ1879 በደቡብ አፍሪካ በሳይመንስታውን ሞተ፤ በባሕር ኃይል ሥርዓትም ተቀበረ። ልጁ ሮበርት ኤድመንድ ሥራውን ወረሰ፤ ገንዳውም በሀስላር በተሠራ ሌላ ገንዳ ተተካ። የውሃን ሰበቃና ፍሰት ነገር ሌሎችም መረመሩ፤ በ1883 ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በማንቸስተር ቀለም በመስተዋት ቱቦ አሳልፎ ረጋ ብሎ የሚፈሰው ውሃ በምን ጊዜ እንደሚታወክ አሳየ። በ1904 ሉድቪግ ፕራንትል በሃይደልበርግ በጠጣር አካል ገላ አጠገብ ያለውን ስስ የውሃ ንጣፍ ነገር ገለጠ።

ዛሬ ይህን የታወከ ፍሰት ኮምፒዩተር ያሰላዋል። ሁከቱ ግን እጅግ ደቃቅ ነውና ብዙ ጊዜ አማካዩ ብቻ ይወሰዳል፤ ስሌቱም የታመነ እንዲሆን እስከ ዛሬ በገንዳ ከተለካው ጋር ይመሳከራል።