በማስታወቂያ የተጻፈው የኮምፒዩተር ፍጥነትና በሥራ ላይ የሚገኘው

ኮምፒዩተር ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቍጥሩ ነው። ባለሱቁም ሳጥኑን እያሳየ «ይህ ባለ 4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ያኛው ግን ባለ 2 ብቻ ነው» ይለዋል፤ ገዢውም ቍጥሩ የበዛውን መርጦ፣ ገንዘብ ጨምሮ ከፍሎ ይሄዳል። ቤቱ ደርሶ ሥራ ሲጀምር ግን ዕቃው የተባለለትን ያህል ሲሮጥ አያገኘውም፤ የፍጥነቱን መለኪያ ከፍቶ ቢመለከትም 4 የተባለው አንዳንድ ጊዜ 2፣ አንዳንድ ጊዜም ከ1 በታች ሆኖ ያየዋል። ታዲያ ይህ ሰው ተታሏልን? ወይስ የቍጥሩን ትርጉም ሳያውቅ ነው የገዛው? ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ቤተ ሰብ ለልጁ ትምህርት ሲል ከቍጠባው አውጥቶ የሚገዛው ዕቃ ነውና። ለጥያቄው መልስ ለማግኘት የቍጥሩን ታሪክ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቍጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። በኮምፒዩተር ውስጥ ኳርትዝ ከተባለ ማዕድን የተሠራች አንዲት ትንሽ ቅንጣት አለች፤ ኤሌክትሪክ ሲነካት ሳታቋርጥ በእኩል ጊዜ ትርገበገባለች። ከዚህ ተነሥቶ ፕሮሰሰር ለሚባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል የሥራ ምት ይሰጠዋል፤ ይህም በወረብ ጊዜ ከበሮው ለካህናቱ እርምጃቸውን እንደሚሰጣቸው ያለ ነው። ምቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከሆነ 1 ሜጋኸርዝ፣ አንድ ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ከሆነ 1 ጊጋኸርዝ ይባላል። እንግዲህ ቍጥሩ የሚነግረን የምቱን ብዛት ነው እንጂ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደተሠራ አይደለም። ሁለት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ ሌላው ቀስ እያለ እግሩን ቢረግጥ፣ ማታ የሚለካው ጋቢው ነው እንጂ ርግጫው አይደለም።

ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1971 4004 የሚባለውን ፕሮሰሰር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዕቃው 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ ምቱም 740 ኪሎኸርዝ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ አይ ቢ ኤም ስመ ጥር የሆነውን የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የመረጠው የኢንቴልን 8088 ነው፤ ይኸውም በ4.77 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። በቍጥርና በሥራ መካከል ያለው ልዩነት በዚያን ጊዜም ይታይ ነበር። 8088 ከታላቅ ወንድሙ ከ8086 ጋር ውስጡ አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ግን በግማሽ የጠበበ ነበር፤ 8086 በአንድ ጊዜ 16 ቢት ሲያመላልስ 8088 ግን 8 ብቻ ያመላልሳል። ስለዚህ ሁለቱ በእኩል ምት ቢሠሩም እንኳ ታናሹ ብዙ ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት «ቱርቦ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ቍልፍ በብዙ ኮምፒዩተሮች ፊት ላይ ይታይ ነበር። ስሙን ያየ ሰው ቍልፉ ዕቃውን ከዐቅሙ በላይ የሚያስሮጥ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የቍልፉ ጥቅም አዲሱንና ፈጣኑን ኮምፒዩተር ወደ ቀድሞው 4.77 ሜጋኸርዝ ግድም ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ምክንያቱም ለድሮው ምት ተለክተው የተጻፉ ጨዋታዎች በአዲሱ ላይ ሲከፈቱ ሰው ሊከተላቸው እስከማይችል ድረስ ይከንፉ ነበር። የሻጮች ቋንቋ ነገሩን ገልብጦ መሰየም የጀመረው እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

በ1992 486 ዲ ኤክስ 2 የተባለው ፕሮሰሰር ሲወጣ አዲስ ዘዴ መጣ። ይህ ፕሮሰሰር በውስጡ በ66 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግን በ33 ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የአንጎሉ ምት ከዓመት ዓመት ሲጨምር፣ ማስታወሻው፣ ማለት ሜሞሪው፣ ግን በዝግታ ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬ በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ከሜሞሪው አንድ ቍጥር ቢፈልግ እስኪደርሰው ድረስ ወደ መቶ ናኖሴኮንድ ያህል ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህም 300 ያህል ምት በከንቱ ማለፉ ነው። ሸማኔው እግሩ ቢፈጥን ማጉ ካልደረሰለት ምን ይሠራል? መሐንዲሶቹም ይህን ስላወቁ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሽ የሚባል ትንሽ ጓዳ አበጅተው በብዛት የሚፈለገውን ነገር እዚያ ያስቀምጡለታል፤ በጓዳው የሌለ ነገር በተፈለገ ጊዜ ግን መጠበቁ አይቀርም።

ርቀትም ራሱ እንቅፋት ነው። ግሬስ ሆፐር የተባለችው የአሜሪካ የባሕር ኃይል መኰንንና የሒሳብ ሊቅ ለተማሪዎቿ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ እየቈረጠች ታድል ነበር፤ ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ ውስጥ ከዚያ አይርቅም ለማለት ነው። በ3 ጊጋኸርዝ አንዱ ምት የናኖሴኮንድ ሲሶ ስለሆነ ብርሃን እንኳ በዚያ ጊዜ ከ10 ሳንቲሜትር አይዘልቅም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ጦርነት እንምጣ። በ1996 ሳይሪክስ የሚባል ኩባንያ በ133 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ፕሮሰሰር «P» በምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ፈንታ በአማርኛ ብንጽፈው «ፒ 166+» ብሎ ሸጠው፤ ትርጉሙም «የኢንቴልን 166 ያህል ይሠራል» ማለት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሥራ እውነት ነበር፤ ለጨዋታና ለሌላ ከባድ ስሌት ግን አልነበረም። በመጋቢት 2000 ኤ ኤም ዲ እና ኢንቴል ማን አስቀድሞ 1 ጊጋኸርዝ ይደርሳል በማለት ተሽቀዳደሙ፤ ኤ ኤም ዲ በሁለት ቀን ቀደመ። ኢንቴል በዚያው ዓመት በበጋ 1.13 ጊጋኸርዝ የሆነውን ፔንቲየም 3 ቢያወጣ፣ ዕቃው በሥራ ላይ እየተሳሳተ ስላስቸገረ በነሐሴ ከገበያ ሰበሰበው። የቍጥር ጥማት ምን ያህል እንደ በረታ ከዚህ ይታወቃል።

በኅዳር 2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ደግሞ ምቱ እንዲበዛ ተብሎ የታቀደ ነበር። ሠራተኞች ተሰልፈው ጡብ ሲቀባበሉ እናስብ። ሰልፈኛው ሲበዛ እያንዳንዱ የሚራመደው ስለሚያጥር እጁ ይፈጥናል፤ ምቱም ይጨምራል። ፔንቲየም 3 ሥራውን በ10 ያህል ደረጃ ሲከፍል ፔንቲየም 4 በ20 ከፈለው። ነገር ግን ፕሮሰሰር ወደ ፊት የሚመጣውን ትእዛዝ እየገመተ ስለሚሠራ፣ ግምቱ በተሳሳተ ጊዜ በሰልፉ ላይ ያለው ጡብ ሁሉ ተጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሰልፉ በረዘመ መጠን የሚጣለውም ይበዛል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.4 እና 1.5 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 በአንዳንድ ሥራ 1 ጊጋኸርዝ ባለው በፔንቲየም 3 ሲቀደሙ ታዩ። አፕልም በሐምሌ 2001 በኒው ዮርክ 867 ሜጋኸርዝ የሆነውን ዕቃውን 1.7 ጊጋኸርዝ ከሆነው ፔንቲየም 4 ጋር አወዳድሮ «የሜጋኸርዝ ተረት» ሲል ተሳለቀ፤ (ውድድሩን የመረጠው ግን ራሱ አፕል መሆኑን መርሳት አይገባም)። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኤ ኤም ዲ በ1.53 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን አትሎን ኤክስ ፒ «1800+» ብሎ ሰየመው። በአሜሪካ የፔንቲየም 4 ገዢዎች ፍጥነቱ ተጋንኖብናል ብለው ተካሰው፣ ነገሩ በ2014 በስምምነት ሲያልቅ ለአንድ ገዢ የተመደበለት 15 ዶላር ነበር፤ ኢንቴልም ጥፋተኛ ነኝ አላለም።

እስካሁን የተናገርነው ምቱ እንደተባለው ሆኖ ሥራው ስለሚያንስበት ነው። ምቱ ራሱ ከተጻፈው የሚያንስበት ታሪክ ግን የሙቀት ታሪክ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸኛው ነው።

ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ደስ የሚያሰኝ ሕግ አሳየ። ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ከቀነሰ፣ በአንድ ስፋት ላይ ብዙ ትራንዚስተሮች ተጨናንቀው፣ ፈጥነውም ሳለ፣ ሙቀቱ አይጨምርም። ሠላሳ ዓመት ያህል ኩባንያዎቹ በዚህ ሕግ ኖሩ። ነገር ግን ቮልቴጁ እጅግ ዝቅ ሲል ትራንዚስተሩ በደንብ መዘጋት ተሳነው፤ ኤሌክትሪኩም እንዳረጀ ቧንቧ ሳይሠራ ያንጠባጥብ ጀመር። ትራንዚስተሩ ማነሱን ቢቀጥልም ቮልቴጁ መውረዱን አቆመ፤ ሙቀቱም ወጣ። ሰልፉን ወደ 31 ደረጃ ያስረዘመው የ2004ቱ ፔንቲየም 4 በ3.8 ጊጋኸርዝ ሲሠራ 115 ዋት ሙቀት የሚችል ማቀዝቀዣ አስፈለገው። የመቶ ዋት አምፖል ሲበራ በእጁ የነካ ሰው፣ ያንን ሙቀት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ በማይበልጥ ነገር ላይ ሰብስቦ ያስብ።

ኢንቴል የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ብሎ ነበር፤ በጥቅምት 2004 ግን ሰረዘው። በዚያው ወር የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ክሬግ ባሬት በአንድ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉባኤ መድረክ ላይ በቀልድ መልክ ተንበርክከው ስለ ተሰረዘው ዕቃ ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ነገር በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝን መደበኛ ፍጥነት አድርጎ የጻፈበት ዕቃ የወጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው።

ሙቀት የበዛበት ፕሮሰሰር ሁለት ምርጫ አለው፤ መቃጠል ወይም መዝገም። ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒዩተር ዕቃ መርማሪ ቡድን በ2001 ኮምፒዩተሮች በሥራ ላይ ሳሉ የፕሮሰሰሮቹን ማቀዝቀዣ እያነሣ በፊልም አሳየ። የኤ ኤም ዲው አትሎን በሴኮንዶች ውስጥ ጢሱ ወጥቶ ተቃጠለ፤ ፔንቲየም 3 ደርቆ ቆመ፤ ፔንቲየም 4 ግን ምቱን ቀንሶ ቀስ እያለ ሥራውን ቀጠለ። እንግዲህ ዝግታው ለዕቃው ሕይወት ነው፤ ፍጥነቱ ቀነሰ ብለን የምናማርረው ከመቃጠል የዳነውን ነው።

ለተንቀሳቃሹ ኮምፒዩተር ደግሞ የባትሪው ነገር ይታከልበታል። በጥር 2000 ኢንቴል ስፒድስቴፕ የተባለውን ዘዴ ሲያወጣ፣ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ላይ 650 ሜጋኸርዝ የነበረው ፔንቲየም 3 በባትሪ ሲሠራ 500 ይሆን ነበር። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል። የሚበላው ኃይል ከምቱ ብዛትና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ምቱንም ቮልቴጁንም በአምስት አንድ ብንቀንስ፣ 0.8 ለሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.512 ስለሚሆን፣ ኃይሉ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ጥቂት ፍጥነት ሰጥቶ ግማሹን ባትሪ ማትረፍ ጥሩ ንግድ ነው።

በ2008 ኢንቴል ለግል ኮምፒዩተሮች ቱርቦ ቡስት የሚለውን ዘዴ ባመጣ ጊዜ በሳጥኑ ላይ ሁለት ቍጥር ሆነ፤ አንዱ መደበኛው፣ ሁለተኛው ሙቀቱና ኃይሉ እስከፈቀደ ድረስ ለጥቂት ጊዜ የሚደረስበት። በ2018 የወጣው ኮር አይ 7 8565 ዩ መደበኛው 1.8፣ ከፍተኛው 4.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ የተመደበለትም ሙቀት 15 ዋት ብቻ ነው። ማስታወቂያው በትልቅ ፊደል የሚጽፈው የትኛውን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከፊቱ «እስከ» የምትል ትንሽ ቃል አለች፤ በሕግ ፊት ሻጩን የምታድነው እርሷ ናት። እኔ መሐንዲሶቹን አልወቅስም፤ ዕቃው ሥራ ሲመጣ ሮጦ ሲያበቃ ማረፉ ብልኅነት ነው። የምወቅሰው መደበኛውን ቍጥር ከገዢው ዐይን የሚሸሽገውን ነው። በዚያው በ2018 ሐምሌ የወጣው ውድ የአፕል ማክቡክ ፕሮ እንኳ፣ መደበኛው 2.9 ሆኖ ሳለ፣ በከባድ ሥራ ጊዜ ከዚያም በታች ሲወርድ ታየ፤ አፕል ስሕተቱን አምኖ በቀናት ውስጥ አረመው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሳይነገር የተደረገው ነው። አፕል በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው ያረጁ የአይፎን ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር ሲቀንስ እንደቈየ አመነ። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ያረጀ ባትሪ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ስልኩ ይጠፋልና። ዳሩ ግን ባለቤቱ ይህን ስላላወቀ፣ ባትሪ በመለወጥ ፈንታ አዲስ ስልክ ሊገዛ ይችል ነበር። ኩባንያው የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ በአሜሪካ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ፈረንሳይም በዚያው ዓመት 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው።

ስለ አገራችንም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ የሚነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ቅዝቃዜ ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ዕቃ እዚህ ቀድሞ ይሞቃል፤ ቀድሞም ይዘገማል። በማራገቢያው ክንፎች ላይ አቧራ ሲጋገር ደግሞ ይብሳል። ዕቃውን ሳይገዙ ለመፈተን የሚሻ ሰው በሱቁ ውስጥ ከባድ ሥራ አስጀምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠብቅ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያየው ቍጥር ለማስታወቂያው የቀረበ ነው፤ በሃያኛው ደቂቃ የሚያየው ግን ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነው።