የመጫወቻ ካሚዮንና የመንዝ መንገድ

በአውሮፓና በአሜሪካ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ እየፈሰሱ የተሠሩትን የቈዩ የመጫወቻ ካሚዮኖች መሰብሰብ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሆኗል፡፡ በሊቨርፑል የነበረው የመካኖ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1934 ጀምሮ ዲንኪ በተባለው ስም፣ የለንደኑ ሌዝኒም ከ1953 ጀምሮ ማችቦክስ በተባለው ስም እነዚህን ዕቃዎች በብዛት ለገበያ አቅርበው ነበር፡፡ ዕቃው የሚሠራው በዚንክና በአሉሚኒየም ቅልቅል ሲሆን፣ እርሳስ የገባበት እንደ ሆነ ከዘመን ብዛት እየተሰነጠቀ ይፈርሳል፡፡ ሰብሳቢዎች ቀለሙ ያልተላጠውን፣ ጐማው ያልጠፋውንና የመጣበት ካርቶን እንኳ ያልተቀደደውን ያስበልጣሉ፡፡ ከዚህ የተነሣ ከሁሉ የሚከበረው ሕፃን ያልተጫወተበት መጫወቻ ነው፡፡

ይህ መመዘኛ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ አይስማማም፡፡ ምክንያቱን ለመረዳት ካሚዮን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንዴት እንደ ገባ አስቀድሞ መመልከት ይገባል፡፡ በ1928 ዓ. ም. ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ከ1,500 የሚበልጥ ተሽከርካሪ አስከትሎ ነበር፡፡ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስላገኘው እስኪጠገን ድረስ ለመቆም ተገደደ፤ አዲስ አበባም የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ጠላት በጣርማ በር ተራራውን ሸንቍሮ የመኪና መተላለፊያ አበጀ፤ በአበበ አረጋይ የሚመሩት አርበኞችም በእነዚሁ ደጋዎችና ቈላዎች እየተዘዋወሩ እስከ 1933 ዓ. ም. ተዋጉ፡፡ እንግዲህ ካሚዮን በዚህ አገር ሰው ዓይን የወራሪ ጓዝ ተሸካሚ ሆኖ ታይቷል፡፡

ከነፃነት በኋላ ግን ያው መንገድ የንግድ መንገድ ሆነ፡፡ ፍሬን፣ ፍሪስዮን፣ ባሌስትራ፣ ካሶኒ፣ ኩሽኔታ የተባሉት የኢጣልያ ቃላት በሹፌርና በረዳት አፍ አማርኛ ሆነው ቀሩ፡፡ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1952 ጀምሮ ከተሠራው ከፊያት 682 ዓይነቶች አንዱ «ኤንትሬ» ተብሎ በመላ ኢትዮጵያ ታወቀ፡፡ ይህንኑ ፊያት የቶሪኖው ሜርኩሪ ኩባንያ በትንሹ አስመስሎ ለሕፃናት ሠርቶታል፤ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል፡፡

ዋናው መንገድ ግን በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ስለሚወርድ፣ የሚያልፈው በመንዝ ጠርዝ ነው፡፡ መርሐ ቤቴን የጀማ ሸለቆ ይለየዋል፡፡ ስለዚህ ከመንገዱ ርቆ ለሚያድግ ልጅ ካሚዮን በገበያ ቀን የሚታይ እንግዳ ነገር ሆኖ ብዙ ዘመን ቈየ፡፡ ያየውንም በእጁ ሠራው፤ ከሽቦ አካሉን፣ ከዘይት ቈርቈሮ ካሶኒውን፣ ከቆርኪ ወይም ካረጀ ጫማ ሶል ጐማውን፡፡ እንዲህ ያለው መጫወቻ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ ረዥም የሽቦ መሪ ይበጅለትና ልጁ ከኋላ ቆሞ እየነዳው ይሮጣል፡፡

በፋብሪካው መጫወቻና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የጥራት ብቻ አይደለም፡፡ የፋብሪካው ካሚዮን የመሐንዲሱን ንድፍ ያሳያል፤ የቈርቈሮው ካሚዮን ግን ልጁ ከካሚዮኑ ምን እንዳስተዋለ ይመሰክራል፡፡ ከዚህም በላይ ቈርቈሮው ራሱ ሰነድ ነው፡፡ በላዩ የታተመው ጽሕፈት የትኛው ዘይት፣ ከየት አገርና በየትኛው ዘመን ወደ መንደሩ እንደ ደረሰ ሊያስረዳ ይችላል፡፡ በ1977 ዓ. ም. ረኀብ ሰሜን ሸዋን በጐዳበት ጊዜ የዕርዳታ እህልና ዘይት በካሚዮን ይመጣ ነበር፤ የዕርዳታ ምልክት ያለበት ቈርቈሮ የመጫወቻ ካሶኒ ሆኖ ቢገኝ፣ ካሚዮን ለዚያ ልጅ እንጀራ የሚያመጣ ነገር እንደ ነበረ ለመገመት ያስችላል፡፡ ወራሪን ያመጣው መንገድ ለልጅ ልጆች እህል አመጣ ማለት ነው፡፡

እንዲህ ያለው ዕቃ ግን ለመቈየት አልተሠራም፡፡ ሲሰበር ሽቦው ለሌላ ሥራ ይውላል፤ የዘይት ቈርቈሮም በፕላስቲክ ጀሪካን እየተተካ ሄዷል፡፡ በ1955 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሕዝቡን የሥራና የቤት ዕቃዎች በሙዚየሙ እንዳከማቸ ሁሉ፣ የሽቦውና የቈርቈሮው ካሚዮንም ከመስቀሉና ከጋሻው ጐን ስፍራ ሊሰጠው ይገባል፡፡ የሚሰበስብም ሰው ዝገቱን አይጥረግ፤ ጽሕፈቱን አይፋቅ፡፡ የተሠራበትን መንደርና ዘመን፣ የሠሪውን ዕድሜና ልጁ ለየክፍሉ የሰጠውን ስም ይመዝግብ፡፡ በዚህ ክምችት ዘንድ ከሁሉ የሚከበረው እጅግ የተጫወቱበት ይሆናል፡፡