ስለ «ገለልተኛ»

በቡራዩ ታክሲ ተራ፣ አንድ ጆንያ ድንች በትከሻው የተሸከመ ወጣት «ገለል! ገለል በሉ!» እያለ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ፈቀቅ ይልለታል፤ ከዚሁ ግሥ የተወለደው «ገለልተኛ» የሚለው ቅጽል ግን ከጆንያው የከበደ ሸክም ተሸክሟል።

«ገለልተኛ ባለሙያ» የሚባለው፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ተሹሞ፣ ነገር ግን የድርጅቱ ሠራተኛ ሳይሆንና ደመወዝ ሳይቈረጥለት፣ ከ6 ዓመት በማይበልጥ ዘመን የሚመረምርና የሚመሰክር ሰው ነው፤ መንግሥት ካልጋበዘው ወደ አገር ገብቶ አይመረምርም፤ የተበዳዮችን አቤቱታ ተቀብሎ ለመንግሥት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ለመልሱ 60 ቀን ይሰጣል፣ በኋላም ጥያቄውንም መልሱንም በአደባባይ ይገልጣል።

አዲስ አበባን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ያጣመረው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ቀስቅሶ ደም ካፈሰሰ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ቃና ዘገሊላን በሚያከብርበት ዕለት፣ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ የፕላኑን መታገድ በበጎ ተቀብለው፣ በዚያው ቃል ደግሞ የታሰሩት እንዲፈቱ፣ የጠፉት ያሉበት እንዲገለጥ፣ የጸጥታ ኃይሎችም አድራጎት ያለ አድልዎ እንዲመረመር ጠየቁ።

ስለዚህ «ገለልተኛ»ን «ዳር ቆሞ ተመልካች» ብሎ የሚፈታውን ትርጓሜ ፈጽሞ አልቀበለውም፤ ገለል የሚባለው ከጥቅምና ከወገን እንጂ ከተገፋው ሰው አይደለምና፣ ሊቃውንቱ «ስምዐ ጽድቅ» የሚሉት፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በባለሥልጣን ፊት የሚናገረው ምስክር፣ ለዚህ ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው።