ስንዱነት፦ ለበይነመረብ ተማሪ የሚገባው ቃል

እስራኤል፣ ኪርያት ኖርዳው ውስጥ በሚታደሉ የአማርኛ ወረቀቶች ላይ «የመስመር ላይ ተማሪ ዝግጁነት» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። ሐረጉ ያናድዳል። በአማርኛ መስመር ላይ ያለ ሰው ወይ ሾፌር ነው፣ ወይ ስልክ ይዞ የሚጠብቅ። ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚማረውን ሰው መስመር ላይ ያወጣው ቃል በቃል የተገለበጠ ትርጉም ነው።

ዕብራይስጥ እንኳ እንዲህ አላደረገም። «ካቭ» ማለት መስመር ነው፤ ከዚሁ ሥር በራሱ ርባታ «መኩቫን» የሚል አንድ ቃል አወጣ። አማርኛም ሥርና ርባታ ያለው ሴማዊ ቋንቋ ነው። «በይነመረብ» የሚል ቃልም አለን፤ የግእዙ «በይነ» ከ«መረብ» ጋር ተጋብቶ የወለደው ነው። ከዚያም በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ «የተልእኮ ትምህርት» እና «የርቀት ትምህርት» ይባል ነበር። እነዚህ እያሉ «መስመር ላይ» ለምን አስፈለገ?

የዝግጁነቱን ነገር አንባቢ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቻችን በዙም ተምረዋል። ኮምፒውተር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ያኔ አይተናል፤ ጊዜን መከፋፈል፣ ያለ አስተማሪ ማንበብ፣ ሲቸግር መጠየቅ፣ ጸጥ ያለ ጥግ ማግኘት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያስተምረውና መቀመጫው ራዓናና የሆነው የእስራኤል ክፍት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ባግሩትንም፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ፕሲኮሜትሪንም አይጠይቅም። በሩ ክፍት በመሆኑ «ለዚህ ትምህርት ደርሻለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን መመዘን የተማሪው ፋንታ ነው።

ለትምህርቱ እንዲህ ደርሶ መገኘትን ምን እንበለው? «ብቃት» የሚሉ አሉ። ብቃት ግን ከ«በቃ» የመጣ ነው፤ ሌላ ሰው መዝኖ በመጨረሻ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። እኛ የምንፈልገው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ነው። «ዝግጁነት» ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ዝግጅት ድግስም ነው፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራምም ነው፣ የአደጋ ጊዜ ጥንቃቄም ነው። ለአንድ ቀን ተዘጋጅተን ቀኑ ሲያልፍ እንተወዋለን።

እኔ የምመርጠው «ስንዱነት»ን ነው። አሰናዳ፣ ተሰናዳ፣ መሰናዶ፣ ስንዱ፦ ቤተሰቡ ሙሉ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ይባል ስለነበር ቃሉ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። ስንዱ እመቤት የምንላት ለአንድ ድግስ የተዘጋጀችውን ሳይሆን ድንገተኛ እንግዳ ቢመጣ እጇ የማያጥረውን ሴት ነው። ስንዱነት የዘወትር ጠባይ ነው፤ የበይነመረብ ተማሪም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

«ስንዱ የሴት ቃል ነው» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ የሴት ስም ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የሆኑት መምህርት ስንዱ ገብሩ ይባሉ ነበር። ቅርጹ ግን እንደ ትጉ፣ እንደ ምቹ፣ እንደ ዝግጁ ነው፤ ጾታ አይለይም። ስንዱ ወጣት ማለት ያምራል።

ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ቋንቋ በልጆቻችን አፍ እየሳሳ ነው። በጽሑፍ የሚደርሳቸው አማርኛ የተሰባበረ ከሆነ አይወዱትም፤ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ወረቀት የምታዘጋጁ ወገኖች ሆይ፣ «የበይነመረብ ተማሪ ስንዱነት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከማተማችሁም በፊት ለአንዲት እናት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ካልገባት ቃሉን ለውጡት።