የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ለውጥ በኮቪድ-19 በተያዙ የስኳር ሕመምተኞች

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ሲያዝ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳቱ በቁጥርም በአሠራርም ይለወጣሉ። ዋናዎቹ ለውጦች የሊምፎሳይት ማነስ፣ የኒውትሮፊል መብዛት እና የብግነት መጨመር ናቸው። ለውጦቹ ስኳር በሌለባቸው ጽኑ ሕሙማን ላይም ይታያሉ፤ ሆኖም የደም ስኳሩ ከፍ ባለ ሰው ላይ ይበረታሉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ክትባት መስጠት የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል ነበሩ።

ከበሽታው በፊት

ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ነጭ የደም ሕዋሳትን ያዳክማል። ኒውትሮፊሎች ጀርም ወዳለበት ቦታ ለመድረስና ጀርሙን ለመዋጥ ይዘገያሉ። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስን የሚገድሉት ሕዋሳትም ይደክማሉ። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ደግሞ ቀላል ግን የማያቋርጥ ብግነት በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ መከላከያው ሲጀምር ይዘገያል፣ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከልክ ያልፋል።

በበሽታው ጊዜ

በጤናማ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ከ1,000 እስከ 4,000 ገደማ ሊምፎሳይት ይገኛል። በጽኑ ኮቪድ-19 ይህ ቁጥር ይወርዳል። በተለይ ሌሎችን ሕዋሳት የሚያስተባብሩት የሲዲ4 እና በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን የሚገድሉት የሲዲ8 ቲ-ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ከፊሎቹ ወደ ሳንባ ይሄዳሉ፤ ከፊሎቹ ይሞታሉ።

ኒውትሮፊሎች በአንጻሩ ይበዛሉ። ጀርም ለመያዝ የሚረጩት መረብ መሰል ነገር ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሊደፍንና የደም መርጋትን ሊያባብስ ይችላል። ሞኖሳይቶች ኢንተርሊውኪን-6 የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ያመነጫሉ። ብግነቱ ኢንሱሊን በሚገባ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ የደም ስኳሩ የበለጠ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል።

አለካክ

የቲ-ሕዋሳትን ዓይነት ለይቶ ለመቁጠር ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተባለ መሣሪያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ምርመራ ይበልጥ የሚታወቀው ለኤችአይቪ ሕክምና በሚደረገው የሲዲ4 ቆጠራ ነው። ተራው ሙሉ የደም ቆጠራ ግን የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽርን ያሳያል። ለምሳሌ 8,000 ኒውትሮፊልና 800 ሊምፎሳይት ያለው ታማሚ ንጽጽሩ 10 ነው፤ በጤናማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ኮቪድ-19ን አያረጋግጥም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምችና ሌሎች ሕመሞችም ይለውጡታል።

ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የወጣው የሪከቨሪ ጥናት ውጤት ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚወስዱት መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅሙ አልታየም። መድኃኒቱ ብግነትን ሲያበርድ የደም ስኳርን ያወጣል፤ ሊምፎሳይትንም ያሳንሳል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ሲወስደው የደም ስኳሩ በተደጋጋሚ ሊለካ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ኢንሱሊን ሊሰጠው ይገባል።

በምዕራብ ሸዋ

የዞኑ ዋና ከተማ አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም እዚያው ነው። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በዚሁ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች ለሚመጣ ታማሚ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ባይገኝም የደም ስኳር፣ የኦክስጅን መጠንና ሙሉ የደም ቆጠራ አደጋውን አስቀድሞ ለመለየት ይረዳሉ። ትኩሳት ወይም ሳል የያዘው የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ባይበላም ኢንሱሊኑን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ሕመሙ ራሱ የደም ስኳርን ስለሚያወጣ መጠኑን በሐኪም ምክር ያስተካክላል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካስመለሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል።