ስም አይዘፍንም

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪ ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሠርግ ወይም ለሳሎን ስፒከር ሊገዛ የተነሳ ሁሉ "መምህር፣ የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ይለኛል። "ድምፁ እንዴት ነው?" ያለኝ ግን የለም። እኔ ታሪክ አስተማሪ እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን፣ ታሪኩን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሸክላ ዘመን እንጀምር። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት የሆነ ወጣት ይህን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረፀ። አገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ሕንድ ልኮ አሳተመው። አምሃ ሪከርድስ እንዲህ ተወለደ። ከስድስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትልልቅ አልበሞች አወጣ።

በዚያው ሰሞን ፊሊፕስም የኢትዮጵያ ዘፋኞችን ሸክላ ያሳትም ነበር። አስቡት፤ በአንድ ወገን መላው ዓለም የሚያውቀው የሆላንድ ግዙፍ ኩባንያ፣ በሌላ ወገን ከአዲስ አበባ ውጭ ማንም ስሙን ያልሰማ አንድ ወጣት። በስም ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር። ዛሬ ግን ያን ወርቃማ ዘመን ስናነሳ የምንጠራው አምሃን ነው።

የካይፋም ታሪክ ያው ነው። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎቻችን አሊ ታንጎ የምንላቸው፣ በ1975 የማህሙድ አህመድን "እረ መላ መላ" አሳተሙ። በ1986 ደግሞ አንድ የብራስልስ ሸክላ አሳታሚ ለአውሮፓ ገበያ አወጣው። የአውሮፓው ሰው ካይፋ የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅ፣ አማርኛውም አይገባው። የደረሰው ድምፁ ብቻ ነው። በቃው።

ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1963 ራሱ ፊሊፕስ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ ወይም ናሽናል ቴፕ ያለው ቤት የተከበረ ቤት ነበር። ቴፑ በዳንቴል ተሸፍኖ ሳሎን ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል። በውስጡ የሚዞረው ካሴት ግን ብዙ ጊዜ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነበር። በተቀዳ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየጠፋ ሽሽታው ይጨምራል። ያንን ካሴት ምርጥ የጀርመን ቴፕ ውስጥ ብትከተው የጠፋውን አይመልስልህም። እኛ ከግድቡ አጠገብ የምንኖር የገፈርሳ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ከምንጩ የደፈረሰ ውሃ በብር ዋንጫ ቢቀዳም ያው ድፍርስ ነው።

ስሞቹስ የት ደረሱ? ግሩንዲግ በ2003 ከሠረ፤ ዛሬ ስሙ የአንድ የቱርክ ኩባንያ ንብረት ነው። ናሽናል የሚለው ስም በ2008 ቀርቶ ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ ፓናሶኒክ ተባለ። በ1946 የተመሠረተው ጄቢኤል የሀርማን ሆነ፤ ሀርማንን ደግሞ በ2017 ሳምሰንግ ገዛው። ስም ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። ይባስ ብሎ ይሰረቃል፤ በአስኮ አድርጎ መርካቶ የወረደ ሰው አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸው፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ያው ሀርማን በ1994 በራሱ ሠራተኞች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች 40 ሰዎችን አራት ስፒከር አሰሟቸው፤ አንዴ ስፒከሩን እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተጋርዶ። እያዩ ሲያዳምጡ ትልልቆቹና ውዶቹ ነጥቡን ወሰዱት። ሲጋረድ ልዩነቱ ጠበበ፤ ትንሿና ርካሿ ስፒከርም እየታየች ከተሰጣት የተሻለ ነጥብ አገኘች። ሰዎቹ የድምፅ ኩባንያ ባልደረቦች ናቸው እንግዲህ! እነሱን ዓይናቸው ካታለላቸው እኛንማ...

ብራንድ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ኩባንያ ዋስትና አለው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ዛሬ የገዛኸውና የዛሬ ዓመት የምትገዛው አንድ ዓይነት ይሆናል። ይህ ዋጋ አለው። ነገር ግን ዋስትና ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈንና የሰው ንግግር ይዛችሁ ሂዱ። የሁሉንም ድምፅ እኩል አስደርጉ፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡ፤ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

በተለይ ለትምህርት ቤት የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች፣ ገንዘቡ የወላጅ መዋጮ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ መጨረሻ የቆመ ልጅ የስፒከሩ ስም ከዚያ አይነበበውም። የሚነገረው ግን ጥርት ብሎ ሊሰማው ይገባል።